ኑዛዜ ጽፋችኋል፣ እሺ፤ ወረቀቱስ የት ነው?

አጎቴ ኑዛዜውን የጻፈው በ2005 ዓ.ም. ነው። በእጁ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከደብተር በተገነጠሉ ሁለት ቅጠሎች ላይ። እጅ ጽሑፉ ያምራል፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። አጣጥፎ ዳዊቱ ውስጥ ከተተው፣ ዳዊቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፣ ቁልፉን ኪሱ አደረገ፣ በቃ ጨረስኩ አለ። ያረፈው በ2014 ነው። ከተዝካሩ በኋላ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ወረቀቱ ተገኘ። "የሱ ጽሑፍ አይደለም" ያለ አንድም ሰው የለም፣ እጁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ሁለተኛው ቅጠል ላይ ቀንም ፊርማም የለም። የባሰው ደግሞ ወረቀቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዳዊቱ ወጥቶ አያውቅም። ከጋብቻ በፊት የሠራውን ቤት ለሚስቱ የተናዘዘ ሰውዬ፣ ሳይናዘዝ እንደሞተ ተቆጠረ።

ለሚስቱ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፦ በእኛ ሕግ ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። የጋራ ንብረት ካለ ግማሹን ይዛ ትወጣለች፣ ያ ግን ውርስ ሳይሆን የራሷ ስለሆነ ነው። የሟቹ ድርሻ ለልጆቹ ይሄዳል፣ ልጅ ከሌለው ለእናት ለአባቱ፣ እነሱም ከሌሉ ወደ ወንድም እህት እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ያቺ የደብተር ቅጠል ለአጎቴ ሚስት ሁሉ ነገሯ ነበረች።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ የራሴን ለመጻፍ ስነሣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አውጥቼ የኑዛዜውን ክፍል አንቀጽ በአንቀጽ አነበብኩት፣ ጠበቃም ጠየቅሁ፣ የገባኝን እነግራችኋለሁ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ማስቀመጥ ከጽሑፉ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ሥራ አይደለም። የኑዛዜው ዋጋ ግማሹ እሱ ላይ ነው።

ሕጉ የሚያውቃቸው ኑዛዜዎች ሦስት ናቸው። በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ እጅ የሚጻፍ፣ እና የቃል።

የቃሉን ቶሎ እንለፈው። ሰው ሞቱ እንደቀረበ ሲሰማው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። የቀብሩን ነገር ማዘዝ ይችላል፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ አሳዳጊ ወይም ሞግዚት መናገር ይችላል፣ ስጦታ ግን እያንዳንዱ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። 500 ብር በ1952 ምን እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቁታላችሁ። ተናዛዡ ተሽሎት ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ደግሞ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ስለዚህ "አባቴ አልጋ ላይ ሆኖ ቤቱን ላንተ ብሎኛል" የሚለው ነገር ለቅሶ ቤት ያስለቅሳል እንጂ ቤት አያሰጥም።

በእጅ የሚጻፈው ቀላል ይመስላል፣ ምስክር እንኳ አይፈልግም። ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሙሉውን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ፣ ልጅ ወይም ጸሐፊ እንዲገለብጥላችሁ ማድረግ አይሆንም። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ማለት አለበት፤ "ይህ ኑዛዜዬ ነው" ብላችሁ ጀምሩት፣ ደብዳቤ ወይም ምክር እንዳይመስል። እያንዳንዱ ቅጠል ላይ ቀን እና ፊርማ። እያንዳንዱ! የመጨረሻው ላይ ብቻ አይደለም። አጎቴ የመጀመሪያውን ፈርሞ ሁለተኛውን የረሳው ምናልባት ቡና ቀርቦለት ይሆናል፣ እንጃ። በኮምፒውተር ጽፌ ብፈርምስ የምትሉ አላችሁ። ሕጉ በጽሕፈት መኪና የተጻፈን ጨርሶ አይከለክልም፣ ግን እያንዳንዱ ገጽ ላይ ይህንኑ በእጃችሁ መግለጽ አለባችሁ፣ አንዱ ገጽ ላይ ከተረሳ አለቀ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ኮምፒውተር ከነካችሁ አራት ምስክር ወደሚፈልገው ግልጽ ኑዛዜ ሂዱ።

ቁልፉ ግን የማስቀመጫ ጊዜው ነው። በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ (ሰነድ የሚያረጋግጥ ባለሙያ) ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ነው። ሰባት ዓመት ረጅም ይመስላል። አይደለም። በ2011 የጻፋችሁት ካለ አሁኑኑ ተነሥታችሁ ቀኑን እዩት። ጊዜው ካለፈ አትጨቃጨቁ፣ አዲስ ወረቀት አውጡና የዛሬ ቀን አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት። ያንኑ አሮጌ ወረቀት አውጥቶ ቀኑን መደለዝ ግን በጭራሽ እንዳታስቡት።

አሁን ወደ ግልጹ ኑዛዜ። ለአብዛኛው ሰው እኔ የምመክረው ይህንን ነው፣ በተለይ መጻፍ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው ሊጽፍላቸው ይችላል፣ ጣታቸውንም ማተም ይችላሉ። ቁጥር 881 የሚጠይቀው አራት ምስክር ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ምስክሮቹ አካለ መጠን የደረሱ፣ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚረዱ ይሁኑ። ኑዛዜው ተናዛዡም ምስክሮቹም ባሉበት ይነበባል፣ ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ። "እኔ ሐሙስ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ለኔ ቦታ ተዉልኝ" የሚል ምስክር ካለ ቀጠሮውን ለሐሙስ አዛውሩት እንጂ ቦታ አትተዉ።

ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው ባለመነበቡ ሳይሆን መነበቡ ባለመጻፉ ነው። ተነቦ ሊሆን ይችላል፣ አራቱም ሰምተው ሊሆን ይችላል፣ ግን ወረቀቱ ራሱ "ተነቧል" ካላለ ተቃዋሚው ወገን እዚያ ቀዳዳ ይገባል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይኑር፦ "ይህ ኑዛዜ ዛሬ በዚህ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት፣ ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች በአንድነት ባሉበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነበበ፤ ተናዛዡም ቃሌ ነው ብሏል፤ ወዲያውኑ ተናዛዡና ምስክሮቹ ፈርመዋል።" ከሱ በታች የምስክሮቹ ስም እስከ አያት፣ አድራሻ፣ ፊርማ። ገጹ ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉም ሁሉንም ገጽ ይፈርሙ። ሕጉ ከጠየቀው በላይ ብትፈርሙ ማንም አይከሳችሁም።

ምስክር ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ከኑዛዜው የሚያገኝ ሰው ምስክር አይሁን። ለምስክሩ፣ ለሐኪሙ ወይም ለመንፈሳዊ አባት የተሰጠን የበዛ ስጦታ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። የነፍስ አባት አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው ኑዛዜ መጻፋቸው የኖረ ልማዳችን ነው፣ ጥሩም ነው፤ ግን እሳቸው ከጻፉት ስጦታው ለደብሩም ይሁን ለሳቸው ጥያቄ ያስነሣልና ሌላ ሰው ይጻፈው። ሁለተኛ፣ በዕድሜ ከእናንተ የሚያንሱ ሰዎችን ያዙ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ማስፈረም ያስከብራል፣ ግን ክርክር ሲመጣ ቀርቦ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

ባልና ሚስት አብራችሁ አንድ ወረቀት ላይ እንዳትናዘዙ። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ሕጉ በአንድ ሰነድ ላይ የሁለት ሰው ኑዛዜን አይቀበልም። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ፊርማ፣ በየራሳችሁ።

እሺ፣ ተጻፈ። የት ይቀመጥ?

መጀመሪያ የማይሆነውን ልናገር። ፍራሽ ሥር፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከካርታው ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ይሄ ሁሉ አይሆንም። ምክንያቱ አይጥና ዝናብ ብቻ አይደለም። እናንተ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ ያን ቆርቆሮ መጀመሪያ የሚከፍተው ሰው ከኑዛዜው የሚጎዳው ሰው ሊሆን ይችላል። አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ሕጉ ደግሞ እዚህ ላይ ጨካኝ ነው፦ ኑዛዜ መኖሩና ውስጡ ያለው ነገር የሚረጋገጠው ዋናውን ወረቀት በማቅረብ ነው፣ ወይም ዋናውን ተቀብሎ ያስቀመጠው ክፍል ትክክለኛ ግልባጭ ብሎ አረጋግጦ በሚሰጠው ኮፒ። ምስክሮቹ አራቱም ቀርበው "አዎ፣ ቤቱን ለሷ ብሎ ነበር፣ እኛም ፈርመናል" ቢሉ ወረቀቱን አይተኩትም። ያጠፋውን ሰው ካሣ መክሰስ ይቻላል፣ ማን እንዳጠፋው ከታወቀ ማለት ነው። ማረጋገጥ የሚጠበቅበት ደግሞ ከኑዛዜው እጠቀማለሁ የሚለው ሰው ነው።

ከዚህ የምትረዱት፣ ፎቶ ኮፒ ዋጋ የለውም። በስልክ አንሥታችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የላካችሁትም ኑዛዜ አይደለም። ቪዲዮም እንደዚያው፣ አባታችሁ ካሜራ ፊት ቆመው በሙሉ ልብ ቢናገሩም። ሕጉ በ1952 ያስቀመጣቸው ሦስት በሮች ናቸው፣ ስልክ አራተኛ በር አልሆነም።

የሚሻለው ቦታ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ነው፣ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የፌዴራሉ ቅርንጫፎች አሉ፤ ክልል ያላችሁ ሰነድ የሚያረጋግጥላችሁን መሥሪያ ቤት ጠይቁ፣ ካልሆነ በአቅራቢያችሁ ያለ ፍርድ ቤት ሂዱ። ስትሄዱ የታደሰ መታወቂያ ያዙ፣ ምስክሮቹም መታወቂያቸውን ይያዙ፣ አንዱ ረስቶት ሁላችሁም ትመለሳላችሁ። መስኮት ላይ ስትደርሱ የምትፈልጉትን በግልጽ ተናገሩ። "ኑዛዜ ላረጋግጥ" ማለትና "ኑዛዜ በአደራ ላስቀምጥ" ማለት አንድ አይደለም። ማረጋገጥ ፊርማው የእናንተ መሆኑን ማየት ነው። እናንተ የምትፈልጉት ዋናው እዚያ እንዲቀመጥ፣ ተመዝግቦ ቁጥር እንዲሰጠው፣ ለዚህም ማስረጃ ይዛችሁ እንድትወጡ ነው። ቁጥርና ቀን የሌለው ማስረጃ ይዛችሁ አትውጡ፣ ባለሙያው ቢቸኩልም። ታማሚ ካለ፣ ከቢሮ ውጭ መጥተው የሚያስፈርሙበት አሠራር ስላለ ጠይቁ፤ ሰውን በቃሬዛ ተሸክሞ ሰልፍ ማቆም አያስፈልግም።

ግልጹ ኑዛዜ እንደ እጅ ጽሑፉ የሰባት ዓመት ገደብ የለበትም። ግን እሱም የሚረጋገጠው በዋናው ስለሆነ አስቀምጡት።

ብዙ ዋና ኮፒ ማዘጋጀት የሚወዱ አሉ፣ አንዱን ለታላቅ ልጅ፣ አንዱን ለዕድር ሊቀመንበር፣ አንዱን ለጠበቃ። እኔ አልወደውም። አንድ ቀን ሐሳባችሁን ስትቀይሩ ሁሉንም መሰብሰብ አለባችሁ፣ አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ "ጠፋብኝ" ይላል፣ እናንተ ከሞታችሁ በኋላ ይገኛል። አንድ ዋና መሥሪያ ቤት ይቀመጥ፣ ቢበዛ ሌላ አንድ ከምታምኑትና ምንም ከማይወርሰው ሰው ጋር። ለቀረው ቤተሰብ ወረቀቱን ሳይሆን ቦታውን ንገሩ። ትንሽ ካርድ ላይ "ኑዛዜዬ በዚህ መሥሪያ ቤት፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር ተቀምጧል" ብላችሁ መታወቂያችሁ ጋ አድርጉት። ውስጡ ምን እንዳለ መንገር ግዴታ የለባችሁም። እኔ ለእህቴ ቁጥሩን ብቻ ነው የሰጠኋት፣ እስካሁን እየተናደደች ነው።

ላሚኔት አታድርጉት፣ እባካችሁ። አገራችን ውስጥ ከልደት ካርድ እስከ ዲፕሎማ ላስቲክ ያልለበሰ ወረቀት የለም፣ ግን ፊርማው ሐሰት ነው የተባለ ቀን ወረቀቱና ቀለሙ ይመረመራሉ፣ ላስቲክ ውስጥ የታሸገ ነገር ለመርማሪውም ለእናንተም ጣጣ ነው። በእርሳስም አትጻፉ። ስርዝ ድልዝ አይኑር፣ ከተሳሳታችሁ ገጹን ቀይሩት።

ኑዛዜ ደግሞ ቁጭ ባለበት ሊበላሽ ይችላል፣ ማንም ሳይነካው። ከጻፋችሁ በኋላ ልጅ ከተወለደና ውርሱን ከተቀበለ የኑዛዜው ስጦታዎች ሊፈርሱ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤቱ ሙሉውን ወይም ከፊሉን ሊያጸና ይችላል፣ ግን ያ ክርክር ነው። ከተፋታችሁ ለቀድሞ ባል ወይም ሚስት የሰጣችሁት ይፈርሳል። የተናዘዛችሁትን መኪና ከሸጣችሁት፣ በኋላ መልሳችሁ ብትገዙት እንኳ ያ ስጦታ ተሽሯል። ስለዚህ ልደት፣ ፍቺ፣ ሽያጭ ሲኖር ወረቀቱን አስታውሱ። ስትቀይሩ አዲስ ጻፉና "ከዚህ በፊት ያደረግሁትን ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ ሽሬአለሁ" በሉ፣ የቀድሞውንም ካስቀመጣችሁበት አስነሡ። ሁለት ኑዛዜ መተው ለልጆቻችሁ ክስ ማውረስ ነው።

ስለ ይዘቱ ብዙ አልልም፣ ርዕሴ እሱ አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ። የጋራ ንብረት ላይ መናዘዝ የምትችሉት የራሳችሁን ድርሻ ነው። የቀበሌ ቤት የናንተ አይደለም፣ አትናዘዙበት፣ የገጠር መሬትም የራሱ ሕግ አለው። ልጅ ከውርስ የሚነቀለው ደግሞ በግልጽ ስሙ ተጠርቶና ምክንያቱ ተጽፎ ነው፣ ዝም ብሎ በመዝለል አይደለም፤ ምክንያቱ በቂ መሆኑን ፍርድ ቤት ያየዋል። "አስቀይሞኛል" ብሎ ማለፍ አያዋጣም፣ ምን እንዳደረገ ጻፉ።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ ዲሲም ዱባይም፣ አንድ ነገር። ለወንድማችሁ የሰጣችሁት ውክልና ኑዛዜ አይሆንም። ኑዛዜ በውክልና አይደረግም፣ አይሻሻልም፣ አይሻርም። ውክልናውም ቢሆን እናንተ ስትሞቱ አብሮ ይሞታል፣ ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ቤቱን ለመሸጥ ሲሄድ ነው። አዲስ አበባ ቤት ካላችሁ ኑዛዜውን ራሳችሁ አድርጉት። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሰነድ ያረጋግጣል፣ እዚያ ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ዋናው አገር ቤት እንዲቀመጥ አድርጉ። በእጃችሁ ጽፋችሁ ሻንጣ ውስጥ ካላችሁ ደግሞ ያው ሰባት ዓመቱ እየቆጠረ ነው፣ ለፋሲካ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ።

ሰው ሲሞት ኑዛዜው በእጁ ያለ ወይም ያገኘ ሰው ለውርስ አጣሪው፣ ማለትም ውርሱን አጣርቶ ለሚያከፋፍለው ሰው፣ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። አጣሪውም የሟቹን ወረቀቶች ይፈትሻል፣ ውል አዋዋይና መዝገብ ቤት ይጠይቃል፤ ያቺ ካርድ ለሱ ናት። የሚከፈተው ደግሞ በመሠረቱ ከአርባ ቀን በኋላ ነው፣ ምክንያት ካለ ቀኑ ሊያጥር ቢችልም። ስለዚህ የት መቀበር እንደምትፈልጉ ኑዛዜው ላይ ብቻ ጽፋችሁ አትተዉ። ለልጆቻችሁ በአፋችሁ ንገሯቸው፣ ወረቀቱ ሲነበብማ ሐውልቱ ሁሉ ቆሞ ሊሆን ይችላል።